መልስ የማይጠበቅበት ጥያቄ
ስለ «ቡሽ ማማ» ፊልም የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

ፊልም ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ሩጫውና ድብድቡ፣ የፈረሱ ግልቢያና የጠመንጃው ተኩስ ነው። ተማሪዎቻችንም ፊልም አይተው ሲወጡ ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት «ማን ማንን ጣለ?» በሚለው ላይ ነው። ይህ የሚያስወቅስ ነገር አይደለም፤ ሲኒማ ሕዝቡን ወደ አዳራሽ ሲጠራ የኖረው ይህንኑ እያሳየ ነውና።

ሆኖም ሌላ ዓይነት ፊልምም አለ። በዚህኛው ውስጥ ዋናው ፍልሚያ የሚካሄደው በአደባባይ ሳይሆን በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ነው። ሥነ ልቡናዊ ድራማ የምንለው ይህን ነው። አሠራሩ ቀላል አይደለም። የልብ ወለድ ደራሲ «አሰበች፤ ተጨነቀች፤ ቆረጠች» ብሎ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃዋል። ካሜራ ግን የሚያነሣው ፊትን እንጂ ሐሳብን አይደለም። የተዋናይቱ ገጽታ፣ የክፍሉ ብርሃን፣ ከሩቅ የሚሰማው ድምፅና የምስሎቹ አቀጣጠል ተባብረው የማይታየውን ካላሳዩ በቀር ተመልካቹ ከፊት አልፎ ወደ ውስጥ ሊገባ አይችልም።

በዚህ ጽሑፍ ልናስተዋውቀው የመረጥነው «ቡሽ ማማ» የተባለው ፊልም ይህን ከባድ ሥራ በተማሪ ዐቅም የተወጣ ነው። ስሙን በአማርኛ «የጫካዋ እናት» ብንለው ያስኬዳል። ደራሲውና አዘጋጁ የአገራችን ሰው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። የእርሳቸው ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን፣ «ሳንኮፋ»ንና «ጤዛ»ን ነው። «ቡሽ ማማ»ን ግን በስም እንኳ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። መታየት ሲገባው ሳይታይ የቆየ ሥራ ስለሆነ፣ በተለይም ለመምህርና ለተማሪ የሚናገረው ቁም ነገር ስላለው፣ ጠባዩን ከነጉድለቱ ለመመርመር እንሞክራለን።

ሠሪውና ጊዜው

ፕሮፌሰር ኃይሌ በ1946 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው ገሪማ ታፈረ የቴአትር ደራሲ ስለ ነበሩ ልጁ ያደጉት ከመድረክ ሳይርቁ ነው። በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ ከተማ በጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ሥራ አጠኑ። «ቡሽ ማማ» የዚሁ ትምህርታቸው የመመረቂያ ሥራ ነው። ለድርሰቱ መነሻ የሆናቸው በቺካጎ ሳሉ በብርዱ ወራት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ከቤቷ ስትባረር ማየታቸው ነበር።

በዚያ ዩኒቨርሲቲ በዚያን ጊዜ የሚማሩ ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች የሆሊውድን መንገድ ትተው የራሳቸውን ሠፈር ኑሮ በራሳቸው ዓይን ለማሳየት ተነሥተው ነበር። እርስ በርሳቸውም ይረዳዱ ነበር፤ አንዱ ደራሲ ሲሆን ሌላው ካሜራ ይይዝለታል። ስለዚህም የ«ቡሽ ማማ» ምስል ካነሡት መካከል ቻርልስ በርኔትን እናገኛለን፤ እርሱም በኋላ በራሱ ፊልሞች ስመ ጥር የሆነ ሰው ነው። ኋለኞች የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ቡድን «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» ብለው ሰይመውታል።

ፊልሙ በ1975 ተሠርቶ በ1979 ለሕዝብ ቀረበ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የተነሣውም በዐሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። ርዝመቱ 97 ደቂቃ ነው። በታላላቅ ሲኒማ ቤቶች የመዞር ዕድል አላጋጠመውም፤ በዩኒቨርሲቲዎችና በፊልም በዓላት በኩል ነው የኖረው። በ2022 ግን የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቆዩ ከሚመርጣቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ሥራው ከተሠራ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ እውቅና መሆኑ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዶረቲ ትባላለች። የምትኖረው በሎስ አንጀለስ ከተማ ዋትስ በተባለው ሠፈር ነው። ዋትስ በነሐሴ ወር 1965 ከፖሊስ ጋር በተነሣ ግጭት ምክንያት ለቀናት የተቃጠለና 34 ሰዎች የሞቱበት ሠፈር ነው። ፊልሙ ወደዚያ የሚወስደን ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ዶረቲ ሉአን የምትባል ሴት ልጅ አለቻት፤ ሁለተኛም ፀንሳለች። ሥራ የላትም፤ የምትኖረው መንግሥት ለድኾች በሚሰጠው ድጎማ ነው። አብሯት የሚኖረው ቲ.ሲ. ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ሰው ነው።

አንድ ቀን ቲ.ሲ. ሥራ ሊገባ ነውና ደስ ብሎት ከቤት ይወጣል። በሚቀጥለው ምስል የምናየው በወህኒ ቤት ነው። ባልሠራው ወንጀል ታስሯል። እንዴት ተያዘ? ማን መሰከረበት? ዳኛውስ ምን አሉ? ፊልሙ አንዱንም አያሳይም። ለመነሻው ይህ የቅንብር ጉድለት ይመስላል። ረጋ ብለን ስናስብበት ግን አዘጋጁ ሆነ ብለው የተዉት መሆኑን እንረዳለን፤ ለነዚያ ሰዎች ከቤት በመውጣትና በመታሰር መካከል ያለው ርቀት ያን ያህል አጭር ነው ማለታቸው ነው።

ዶረቲ ብቻዋን ትቀራለች። የድጎማው ጽሕፈት ቤት ፅንሷን እንድታስወርድ ይገፋፋታል። ጎረቤት የየራሱን ምክር ይሰጣታል፤ አንዱ መጠጡን፣ ሌላው ትግሉን ያቀርብላታል። ቲ.ሲ. ከእስር ቤት ደብዳቤ ይጽፍላታል። በመጨረሻም አንድ ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ አንድ ፖሊስ ልጇን ሲደፍር ታገኘዋለች፤ ልጇን ለማዳን ስትታገልም ትገድለዋለች። ትታሰራለች፤ በእስር ቤት ተደብድባ ፅንሷ ይጨነግፋል። ፊልሙ የሚዘጋው ለቲ.ሲ. በምትልከው ቃል ነው።

ይህን ያነበበ «ተጋኗል» ሊል ይችል ይሆናል። የዘመኑን ታሪክ ለሚያውቅ ግን እንዲያ አይደለም። በ1973 በአላባማ ክፍለ ግዛት በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ ክሊኒክ ሁለት የድኻ ልጆች፣ አንዲቱ 14 ሌላዪቱ 12 ዓመት ሲሆናቸው፣ እንዳይወልዱ ተደርገዋል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉት እናታቸው መርፌ ብቻ የሚወጉ መስሏቸው በወረቀቱ ላይ የመስቀል ምልክት አድርገው ፈርመው ነበር። ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት በ1974 በሰጠው ውሳኔ፣ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ እንዲህ ባሉ ፕሮግራሞች በየዓመቱ ከ100,000 እስከ 150,000 የሚደርሱ ድኾች እንዳይወልዱ ይደረጉ እንደ ነበር ገልጧል። ከእነዚህም ውስጥ ቍጥራቸው ያልታወቀ ብዙዎች «ድጎማሽ ይቋረጣል» እየተባሉ ተገደው እንደ ነበር ጨምሮ አስረድቷል። እንግዲህ ዶረቲ የተፈጠረችው ከደራሲው ምናብ ብቻ አይደለም።

በጆሮ የሚታይ አእምሮ

የዚህ ፊልም ትልቁ ጥበብ ያለው በድምፁ ላይ ነው። ገና ሲጀምር የፖሊስ ሄሊኮፕተር ያጓራል፤ የፖሊስ መኪና ጡሩምባ ይጮኻል። በዚህ ሁሉ ላይ የድጎማው ጽሕፈት ቤት ጥያቄ ይደራረባል። ስለ ሥራ፣ ስለ ገቢ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ባል፣ ስለ ቤት ኪራይ ይጠየቃል። አንዱ ጥያቄ ሳያልቅ ሌላው ይገባበታል፤ ያው ጥያቄም ተመልሶ ይመጣል። ጠያቂዎቹ ግን አይታዩም። የምናየው መንገዱንና ሰውን፣ ከሰውም መካከል ዶረቲን ነው።

እዚህ ላይ ተመልካቹ ራሱን «ይህ ድምፅ ከወዴት ነው የሚመጣው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከመንገዱ አይደለም፤ ጽሕፈት ቤቱ እዚያ የለምና። ድምፁ ያለው በዶረቲ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ቢሮውን ለቃ ብትወጣም ጥያቄው አልለቀቃትም። ከላይ ካሜራ ሐሳብን ሊያነሣ አይችልም ብለን ነበር። አዘጋጁ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ እነሆ፤ ዓይን ሊገባበት ያልቻለውን ቤት በጆሮ በኩል ከፈቱት።

ጥያቄዎቹን ልብ ብለን ብናዳምጥ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። አንዳቸውም መልስ አይፈልጉም። ጠያቂው የሚፈልገው በቅጹ ላይ ያለው ባዶ ቦታ እንዲሞላለት ነው እንጂ ዶረቲ የምትባለዋን ሴት ለማወቅ አይደለም። ሰውን ዝም ማሰኛው መንገድ አፉን መያዝ ብቻ ይመስለናል። «ቡሽ ማማ» የሚያሳየን ግን ሌላ መንገድ መኖሩን ነው። አንድን ሰው ያለ ማቋረጥ እየጠየቁ መልሱን አለመስማትም ዝም ያሰኘዋል። እንዲያውም ከሁሉ የከፋው እንዲህ ያለው ነው፤ የተጠየቀው ሰው «ዕድል ተሰጥቶኝ ሳለ አልተናገርሁም» ብሎ ጥፋቱን ወደ ራሱ ይመልሰዋልና።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በፊልሙ መክፈቻ ላይ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ሰዎችን አቁመው ሲፈትሹ እናያለን። ይህ ትወና አይደለም። የተፈተሹት የፊልሙ ሠሪዎች ራሳቸው ናቸው፤ በሥራ ላይ ሳሉ ፖሊስ ያስቆማቸውን አጋጣሚ ነው አዘጋጁ የፊልሙ መግቢያ ያደረጉት። ከዚህ በኋላ የዶረቲን ታሪክ «ፈጠራ ነው» ብሎ ዘና ማለት አይቻልም።

የዝምታ ሁለት ገጽ

አበው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ። እነዚያው አበው ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ሁለቱ ተረቶች የሚጣሉ ቢመስሉም ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የዶረቲም ሕይወት በሁለቱ መካከል የተያዘ ነው። ብትናገር ድጎማው ይቀርባታል፤ ልጇ ትራባለች። ዝም ብትል ደግሞ ሌሎች ስለ እርሷ ይናገራሉ፤ በአካሏ ላይ እንኳ ይወስናሉ።

ዶረቲን ሆና የምትጫወተው ባርባራ ኦ. ጆንስ ናት። የዚህች ተዋናይት ችሎታ ከፍ ብሎ የሚታየው በንግግሯ ሳይሆን በምታዳምጥበት ጊዜ ነው። ሰዎች ሲመክሯት፣ ሲገሥጿት፣ ሲቀልዱባት ዓይኗ ይሰማል፤ አፏ ግን አይመልስም። ሰነፍ ተዋናይ ቢሆን ይህን ቦታ በእንባ ወይም በመንቀጥቀጥ ሊሞላው በቻለ ነበር። ባርባራ ጆንስ ግን ፊቷን ጸጥ አድርጋ ትተወዋለች። የፊቷ ጸጥታና የጆሯችን ሁካታ ሲጋጩ፣ ውስጧ ምን ያህል እንደሚናወጥ እኛው ራሳችን እንገምታለን። ተመልካቹን ከተዋናይቱ ጋር አብሮ የሚያሠራው ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰን አንድ ትዕይንት አለ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ስለ ፅንሱ ስታስረዳትና ስትጫናት፣ ዶረቲ በድንገት ተነሥታ በጠርሙስ ጭንቅላቷን ትመታታለች። ተመልካቹ ይደነግጣል። ወዲያው ግን ያ ሁሉ በሐሳቧ ብቻ የሆነ መሆኑ ይገለጣል፤ ዶረቲ እንደ ነበረች አለች፤ ሠራተኛዋም ንግግሯን አላቋረጠችም። በእኛ አነጋገር «ሆድ ይፍጀው» የምንለውን ነገር ፊልም እንዲህ አድርጎ ሲያሳየው ያየነው ከስንት አንዴ ነው። በትዕይንቱ ውስጥ የሆነ ነገር የለም፤ ቢሆንም ከዚያ በኋላ ዶረቲን እንደ ቀድሞው «ዝምተኛ ሴት» አድርገን ልናያት አንችልም። ዝም ያለ ሰው ሁሉ የተስማማ አለመሆኑን አይተናልና።

ዊጉና ሥዕሉ

ዶረቲ በፊልሙ ውስጥ ከጠጉሯ ላይ ዊግ ታደርጋለች። አዘጋጁ ስለዚህ ነገር ብዙ ንግግር አያስገቡም፤ ዓይናችን እንዲለምደው ብቻ ይተዉታል። በልጇ ክፍል ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ሥዕል ይለጠፋል። ሥዕሉ በአንድ እጇ ሕፃን፣ በሌላ እጇ ጠመንጃ የያዘች አፍሪካዊት ሴት ናት። ያ ጊዜ አንጎላ ከፖርቱጋል ቅኝ አገዛዝ ለመውጣት የታገለችበትና በ1975 ነፃ የወጣችበት ጊዜ ነበር። የፊልሙም ስም ከዚህች ሥዕል ጋር የተያያዘ ነው።

ዶረቲ ሥዕሉን በመጀመሪያ የምታየው እንደ ባዕድ ነገር ነው። እያደር ግን ትመለከተዋለች። በሁለቱ ሴቶች መካከል ጠመንጃው ያለያያቸዋል፤ ሕፃኑ ግን ያገናኛቸዋል። ፊልሙ ሲያልቅ ዶረቲ ዊጉ ከራሷ ላይ ወርዶ፣ የገዛ ጠጉሯ ታይቶ፣ በዚያ ሥዕል ፊት ቆማ ምስሉ ባለበት ይቆማል። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም። በራሷ ላይ የተጫነው የሌላ ሰው ጠጉር ሲወርድ በውስጧም የተጫነው የሌላ ሰው ድምፅ አብሮ ይወርዳል። እንዲያውም በዚያች ሰዓት የምንሰማው የሄሊኮፕተር ጩኸትና የቢሮ ጥያቄ አይደለም፤ የዶረቲን ድምፅ ነው። ለቲ.ሲ. በምትልከው ደብዳቤ አማካይነት ስለ ራሷ ራሷ ትናገራለች። በብዙ ድምፅ የተጀመረው ፊልም በአንድ ድምፅ ያበቃል። የፊልሙ እውነተኛ ሴራ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

መጨረሻውን እንዴት እንረዳው?

ስለ መጨረሻው ትዕይንት ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ፈጥኖ የሚፈርድ ተመልካች «ዶረቲ የነቃችው ሰው በመግደሏ ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ሥዕሉ ላይ ያለው ጠመንጃም ወደዚያ ሐሳብ ይገፋፋል። እኛ ግን የነገሩን ቅደም ተከተል ብናስተውል ሌላ መልስ እናገኛለን። ያን ፖሊስ የገደለችው አስባና ቆርጣ አይደለም፤ ልጇ ስትጮኽ የደረሰች ማንኛዪቱም እናት የምታደርገውን ነው ያደረገችው። ማሰብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በእስር ቤት፣ ፅንሷን ካጣች በኋላ፣ ደብዳቤ ለመጻፍ በተቀመጠች ጊዜ። እንግዲህ ንቃት የመጣው ከእጇ ሳይሆን ከቃሏ ነው። እጇ ያደረገው አንድን ልጅ ለማዳን ነበር፤ ቃሏ ግን ራሷን አዳነ። ሁለቱን መለየት ይገባል። አዘጋጁ መግደሉን የድል ትዕይንት አላደረጉትም፤ ዋጋውንም አልሸሸጉም።

ጉድለቱ

አንድን ሥራ ማድነቅ ጉድለቱን መሸፈን አይደለም። «ቡሽ ማማ»ም ሦስት ጉድለቶች አሉበት።

አንደኛው፣ የቲ.ሲ. ንግግሮች ናቸው። ቲ.ሲ. ከእስር ቤት ፍርግርግ ኋላ ሆኖ ወደ ካሜራው ሲናገር አንዳንድ ጊዜ የምንሰማው አንድ የተጨነቀ ሰው ለሚወዳት ሴት የሚጽፈውን ሳይሆን በስብሰባ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሰውየው አንደበት ግን አይደለም። ዶረቲን በዝምታ ያስረዱን አዘጋጅ ቲ.ሲ.ን በብዙ ቃል ሊያስረዱን መሞከራቸው ያስገርማል።

ሁለተኛው፣ ከዶረቲ ወገን ያልሆኑት ሰዎች ውስጥ የላቸውም። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞቹና ፖሊሶቹ እንደ ግድግዳ ናቸው። በአንድ በኩል ይህ ትክክል ነው፤ ዶረቲ የምታያቸው እንዲያ ነውና። በሌላ በኩል ግን ጨካኝ ያልሆነ፣ እንዲያውም ደግ የሆነ ሰው ቅጽ እየሞላ ሰውን እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል ቢታይ ኖሮ ትምህርቱ ይበልጥ በጠለቀ ነበር።

ሦስተኛው፣ የጊዜው መቆራረጥ ነው። ትዝታ፣ ቅዠትና እውነት ያለ ምልክት ይቀላቀላሉ። ይህ የዶረቲን አእምሮ ለማሳየት የታሰበ መሆኑ ይገባናል፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ተመልካቹ ከዶረቲ ጋር ከመደናገር ይልቅ በፊልሙ ይደናገራል። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። ድምፁም በተማሪ መሣሪያ የተቀዳ በመሆኑ በአንዳንድ ቦታ ንግግሩ አይለይም።

እነዚህ ጉድለቶች ግን የወጣትነት ጉድለቶች ናቸው። ሰውየው ብዙ የሚሉት ነገር ስለ ነበራቸው ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሊሉት ፈለጉ። በ1976 በቀረበው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ውስጥ ድምፃቸው ረጋ ብሎ እናገኘዋለን፤ በ2008 በ«ጤዛ» ደግሞ የአንድን ሰው የተናወጠ ትዝታ የአገር ታሪክ ማያ አድርገው ለማቅረብ በቅተዋል። የ«ጤዛ»ን አንበርብር በቅዠት ሲባንን ያየ ሰው የዶረቲን ወንድም እንዳየ ይቍጠር። መንገዱ የተጀመረው እዚህ ነው።

ለመምህሩና ለተማሪው

አሁን ወደ እኛ ወደ መምህራን እንመለስ። በክፍል ውስጥ ጠያቂዎቹ እኛ ነን። በቀን ስንት ጥያቄ እንጠይቃለን? «ለምን አረፈድህ?»፣ «ለምን የቤት ሥራሽን አልሠራሽም?»፣ «አባትህ ለምን አልመጣም?» እንላለን። ከእነዚህ ውስጥ መልሱን ቆመን የምናዳምጠው ስንቱን ነው? «ለምን አረፈድህ?» ብለን ሳንጨርስ «ሂድ ተንበርከክ» የምንል ከሆነ ጥያቄው ጥያቄ አልነበረም። ልጁም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። እኛም ዝምታውን እንደ ጥፋት ማመኛ ቈጥረን እናልፋለን። ውሃ ለመቅዳት ሁለት ሰዓት ሄዳ የመጣች ልጅ ከበሩ አጠገብ ቆማ አንገቷን ስትደፋ በጭንቅላቷ ውስጥ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚደራረብ «ቡሽ ማማ»ን ያየ መምህር ለመገመት አይቸግረውም።

ለተማሪም የሚጠቅመው ቀላል አይደለም። ፊልም የሚታየው በዓይን ብቻ አለመሆኑን ያስተምረዋል። ዕድሉ ያላቸው መምህራን በፊልም ክበብ ወይም በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ይህን ቢሞክሩት መልካም ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ተማሪዎቹ ፊታቸውን አዙረው በጆሯቸው ብቻ ይስሙ፤ ያለችው ሴት ምን እንደሚሰማት በአንድ አንቀጽ ይጻፉ። ቀጥሎም ያንኑ ክፍል በዓይናቸው ይዩ፤ የጻፉትን ያነጻጽሩ። ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ ለዚህ ልምምድ እንቅፋት አይሆንም፤ የድምፁ መደራረብ ራሱ ይናገራልና።

ለመወያያም የሚከተሉት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የቲ.ሲ. መያዝ ለምን አልታየም? የጠርሙሱ ትዕይንት በእውነት ቢፈጸም ኖሮ ፊልሙ ይሻል ነበር ወይስ ይከፋ? ዶረቲ የተለወጠችው መቼ ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ ክፍሉ ለሁለት መከፈሉ አይቀርም፤ ይከፈል። ይህን ጊዜ መምህሩ የራሱን መልስ ለመስጠት ባይቸኵል ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለን። ፊልሙ በሕፃን ላይ የሚፈጸም ጥቃትና ድብደባ ስላለበት ለታችኛው ክፍል ልጆች አይሆንም። ለከፍተኛው ክፍል ተማሪዎችም ቢሆን መምህሩ አስቀድሞ ሙሉውን ማየትና የትኛውን ክፍል እንደሚያሳይ መምረጥ ይኖርበታል።

«ቡሽ ማማ» እንከን የሌለበት ፊልም አይደለም። ብልጭልጭ የለበትም፤ የሚያስቅም የለበትም፤ ታዋቂ ተዋናይ የለበትም። ያለበት አንዲት ሴትና የማያባራ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከ97 ደቂቃ በኋላ ያቺ ሴት አፏን ስትከፍት የምንሰማት በሌላ ጆሮ ነው፤ ፊልሙ ጆሯችንን እስኪያ ድረስ ሲያዘጋጅልን ቆይቷልና። ነገ ጧት ክፍል ገብተን የአንድን ተማሪ ስም ስንጠራና «ለምን?» ብለን ስንጠይቅ፣ ከጥያቄው ቀጥሎ ጥቂት ጸጥታ ብንተውለት፣ የዚህን ፊልም ትምህርት በተግባር ጀመርነው ማለት ነው።